እንሰታችንን የቆረጠው አጎቴ

የልጅ ልጄ በስልኳ ጌም ትጫወታለች። አንድ ንጉሥ እያለቀሰ መንደር ሲያቃጥል አየሁና «ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«በሽታ ገብቶ ነው፣ አባባ። ወደ ሌላው መንደር እንዳይሻገር።»

አጎቴ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ፣ ጉኑኖ በምትባለው አገራችን፣ እንሰታችን ሲጠወልግ ገጀራ ይዞ መጣና ጓሯችንን በሙሉ ጨፈጨፈው። ምግባችን እሱ ነበር። የእንሰቱ ውሃ እግሬን እያራሰው፣ በድንጋይ ግንባሩን ፈነከትኩት። ደሙን ሳይጠርግ፣ «ደግ አደረግህ። አሁን ገጀራዬን በእሳት ለብልብልኝ፤ በሽታውን ጎረቤት እንዳላደርስ» አለኝ። ለበለብኩለት። ይቅር ብዬው እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ንጉሡን ልገድለው ነው» አለች ልጅቷ።

«ተይው።»

«ካልገደልኩት አላልፍም እኮ!»

«እንግዲያው አትለፊ።»

ስቃ ስልኳን ዘጋችው። እፎይ አልኩ።