የሁለት ዓመቱ ቦንድ

ባሌን አዲስ አበባ ትቼ ኦክላንድ ስገባ፣ እሱን ለማስመጣት ያስገባሁት ወረቀት ቶሎ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ለበሽተኞች ምግብ እያመላለስኩ ለቲኬቱና ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሆነንን አጠራቀምኩ። ያስቀመጥኩት መኒ ማርኬት ፈንድ ውስጥ ነው። ወለዱ ትንሽ ቢሆንም በፈለግኩ ቀን ቼክ ጽፌ አወጣዋለሁ።

ሳንሆዜ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሳንታ ክላራ አንድ ቢሮ ሒሳብ ትሠራ ስለነበር ይህ ነገሬ ያንገበግባት ነበር።

«ለኢመርጀንሲ ትንሽ አስቀሪና በቀረው የሁለት ዓመት ቦንድ ግዢ። ገንዘቡ ሁለት ዓመት ይቀመጣል፣ ወለዱ ግን ይሻላል» አለችኝ።

«ቪዛው ነገ ቢመጣስ?»

«ትሸጪዋለሻ። የወለዱ ሬት ከጨመረ ከዋናው ትንሽ ሎስ ታደርጊያለሽ እንጂ ማን ይከለክልሻል? ደግሞ የአንቺ ቪዛ ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

ተቀየምኳት። ቦንዱን መግዛት «ሁለት ዓመት አይመጣም» ብሎ መፈረም መሰለኝ። እኔ ሲመጣ የሚለብሰውን ካፖርት እንኳ ገዝቼ በሩ አጠገብ ከራሴ ካፖርት ጎን ሰቅዬለት ነበር።

እሑድ በስልክ ካርድ ደወልኩለት። ባሌ ሒሳብ ሹም ነው፤ ግን ስለ መምጣቱ ሲያወራ ሒሳብ አያውቅም። «ለፋሲካ» ይላል፣ ፋሲካ ሲያልፍ «ለእንቁጣጣሽ» ይላል። እንዲቆጣልኝ ፈልጌ የአክስቴ ልጅ ያለችውን ሁሉ ነገርኩት። ወለዱን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

«ቦንዱን ግዢ» አለኝ በመጨረሻ። «የሁለት ዓመቱን።»

ካርዱ እስኪያልቅ ስለ ጤናና ስለ ዘመድ አወራን። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። በሚቀጥለው እሑድ «ገዛሁ» አልኩት፤ ውሸቴን ነው። ገንዘቡ ከነበረበት አልተነቃነቀም።

የመጣው ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የአክስቴ ልጅ እየነዳች ከኤርፖርት ስንመለስ፣ እጅጌው የረዘመበትን ካፖርት ለብሶ በመስኮት የወደቡን ክሬኖች ያያል።

«ቦንዱ ደህና ወለደ?» አለኝ።

«አልገዛሁትም።»

«ለምን?»

«ድንገት ብትመጣስ ብዬ።»

የአክስቴ ልጅ መንገዱን ብቻ ታያለች። እሱ የካፖርቱን እጅጌ ወደ ላይ እየሰበሰበ፣ «እኔ እኮ ግዢ ያልኩሽ በየቀኑ ስትጠብቂኝ እንዳትጎጂ ብዬ ነው» አለኝ።

እጁን ያዝኩት። አጠገቤ ተቀምጦም ገና ይናፍቀኝ ነበር።