ሙሽሪትን ጥላ የሄደችው መኪና

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። በእኛ አቆጣጠር ሰባዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ሲያትል ከተማ ውስጥ ነው። ዛሬም ድረስ አንድ ሰው መኪናውን ለማስነሳት ቁልፍ አዙሮ ሞተሩ እምቢ ሲለው ካየሁ ሳቄ ይመጣል። ሰውየው በእሱ የሳቅኩ እየመሰለው ይቀየመኛል። ምክንያቱን ለሁሉም እየዞርኩ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

ያኔ ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤት ምድር ቤት ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ከላይ የቤቱ ባለቤት ሚስ ሩት ይኖራሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ከእኔ ጋር ደግሞ ሰናይት የምትባል ልጅ ነበረች። የሥጋ ዘመዴ አይደለችም። ከሱዳን እንደመጣች ለጥቂት ሳምንት ብዬ አስጠጋኋት፣ በዚያው ታናሽ እህቴ ሆና ቀረች።

መኪናም ነበረችኝ። ቢጫ፣ ትንሽ፣ ባለ ማርሽ። በጊዜው ከእኛ ሴቶች መኪና የሚነዳ ብዙ ስላልነበር ጉራዬ አይጣል ነበር። ጉራዬን የሚያበርደው ብርዱ ነው። ሲያትል የምትታወቀው በዝናቧ ነው፣ ያን ዓመት ግን ውርጩ ሌላ ሆነ። ጠዋት ወደምሠራበት ሆስፒታል ልሄድ ስወጣ መስታወቱ በረዶ ለብሶ፣ ባትሪው ሞቶ አገኘዋለሁ። ከዚያ ወደ አውቶቡስ ሩጫ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሚስ ሩት በመስኮት ሲያዩኝ ቆይተው ወደ ጋራዣቸው ጠሩኝ። ከመደርደሪያው ላይ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ አንድ ትንሽ ሳጥን አወረዱ። መኪና ውስጥ ተገጥሞ የሚቀር፣ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ቀስ እያለ የሚመግብ ቻርጀር ነው።

"ባለቤቴ ለራሱ መኪና ገዝቶት ነበር፣ ሳይገጥመው ሄደ" አሉኝ። "ተቀምጦ ከሚያረጅ አንቺ ተጠቀሚበት።"

ኮፈኑን ከፈትን። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው መመሪያውን ያነባሉ፣ እኔ እሠራለሁ። መጀመሪያ የባትሪው ጫፎች ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር በቤኪንግ ሶዳና በውኃ ፈግፍጌ አጠብኩ። ሳጥኑን ከባትሪው አጠገብ በብሎን አሰርኩት። ከዚያ ቀዩን ሽቦ ወደ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ወደ ኔጌቲቭ። እሳቸው አንዴ አንብበው አልተዉኝም፣ "ቀዩ የት ነው ያልኩሽ?" እያሉ ደጋግመው አስደገሙኝ። መሰኪያውን በፊት ለፊቱ ፍርግርግ አሾልከን በረጅም ገመድ እስከ መስኮቴ ወሰድነው።

በማግስቱ ጠዋት ገመዱን ነቅዬ ቁልፉን ገና ነካ ሳደርገው ሞተሩ ተነሣ። መሪው ላይ እንደተቀመጥኩ ለራሴ አጨበጨብኩ። ጥፍሬ ሥር ጥቁር ቅባት እንደቀረ ሥራ ቦታ ሄጄ ያላወራሁለት ሰው አልነበረም። ሰናይትማ "እትዬ፣ መኪናሽ እኮ ከእኔ የተሻለ ራት በልታ ነው የምታድረው" ትለኝ ነበር።

ሰናይት በዚያው ሰሞን ልታገባ ነው። ዳንኤል የሚባል፣ ሬንተን በምትባለው ጎረቤት ከተማ አውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠራ ጨዋ ልጅ አግኝታለች። ሰርጉ በጥር ሆነ። አገር ቤት ጥር ፀሐይ ነው፣ ድንኳን የሚጣልበት ወር ነው። እዚህ ጥር ሰው ጣቱን የሚያጣበት ብርድ መሆኑ ለማናችንም ትዝ አላለንም። ሰርግ ከሆነ ጥር ነዋ።

ጭንቁ ሌላ ነበር። የሚያጋቧቸው ቄስ የመጡት ከካሊፎርኒያ ነው፣ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ይመለሳሉ። ተመልሰው የሚመጡት ለፋሲካ ነው። መሐል ላይ ደግሞ ዐቢይ ጾም አለ። ያ ጠዋት ካመለጠ ሰናይት እስከ ፋሲካ ማግስት አታገባም ማለት ነው። ልጅቷ ከንጋት ጀምሮ "እትዬ፣ እንዳናረፍድ አደራሽን" ስትለኝ ነው ያረፈደችው።

እኔ ያን ቀን ሁለት ሥልጣን ነበረኝ። የሙሽሪት ታላቅ እህት ነኝ። ሹፌርም ነኝ፣ ምክንያቱም መኪናዬን ለማንም ወንድ አልሰጥም ብያለሁ። ስለዚህ በሪባን ባጌጠችው መኪናዬ ሙሽራውንና ሚዜዎቹን ራሴ ከሬንተን አመጣኋቸው። ቤታችን በር ላይ እንዳቆምኩ ቁልፉን ለዋናው ሚዜ ለግርማ ወረወርኩለትና በጓሮ ዞሬ ገባሁ። ከዚያ በሩን ከያዙት ሴቶች መሐል ገብቼ ቆምኩ።

ግርማ በሩን ሲያንኳኳ የእኔን ድምፅ ሰማ።

"እትዬ ብዙነሽ፣ አሁን አብረን አልመጣንም እንዴ?"

"አላውቅህም፣ የማን ወገን ነህ?" አልኩት።

ወጉ ነው። ሰርገኛ ዝም ብሎ አይገባም፣ ይለምናል፣ ይዘፍናል፣ እኛ ደግሞ እንከለክላለን። አገር ቤት ቢሆን የሚገላግል ሽማግሌ አይጠፋም። የእኛዎቹ ሽማግሌዎች ግን ባለችን ሁለተኛ መኪና ቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። እኛ ሴቶቹም አገር ከለቀቅን ወዲህ በር ይዘን ስለማናውቅ አንለቅም አልን። ተገፋፋን፣ ተሳሳቅን፣ ላብ አጠመቀን። ሰዓት ያየ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ሰናይት ራሷ ከውስጥ ወጥታ "ኧረ በማርያም ልቀቋቸው፣ አባ ይሄዳሉ" ስትል ነው በሩ የተከፈተው።

ስንወጣ መኪናዋ ሞተሯ ጠፍቶ አራቱም ፍሬቻዎቿ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ብልጭታው ግን ደክሟል። ግርማ ለሰርጉ ድምቀት ብሎ ፍሬቻውንም መብራቱንም ካሴቱንም ከፍቶ ትቶት ኖሯል። ካሴቱ ውስጥ ዘፋኙ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ድምፁ ወፍሯል። ገብቼ ሁሉንም አጥፍቼ ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ። ደግሜ አዞርኩ። ጠቅ።

"ኦኬ፣ ኦኬ፣ ችግር የለም። ቻርጀር አላት አይደል? ፕላግ እናድርጋት" አለ ግርማ፣ ገመዱን ሊያመጣ እየሮጠ።

ሚስ ሩት ካፖርታቸውን ደርበው በረንዳ ላይ ቆመዋል። ሲያዩት ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባቸው።

"ልጄ፣ እሱ በማንኪያ ነው የሚያጎርሰው" አሉት። "አሁን ብትሰካው ነገ ጠዋት ትነሣልሃለች።"

የሰናይት ዓይን እንባ ሞላ። ልጅቷ እናት አባቷ በሌሉበት የምታገባ፣ ታላቄ ብላ የያዘችው እኔን ነው፣ ይቺን አንዲት ጠዋት እንኳ ልጠብቅላት አልቻልኩም አልኩ በሆዴ።

ዳንኤል ኮቱን አውልቆ ለአንዷ ሴት አቀበላት።

"እትዬ፣ ባለ ማርሽ አይደለች? ሶ፣ እንገፋታለና።"

እንዴት እንዳልታየን አላውቅም። አገር ቤት መኪና ገፍቶ ያላስነሣ ማን አለ? የእኛ ቤት ያለበት ደልዳላ ነው፣ ከሁለት ቤት በኋላ ግን ወደ ጃክሰን ጎዳና የሚወርድ ቁልቁለት አለ። እስከዚያ ከደረስን ቁልቁለቱ ያግዘናል።

ሙሽሮቹ ከኋላ ገቡ። እኔ ቁልፉን ከፍቼ፣ ማርሽ ሁለተኛ ላይ አድርጌ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። ሚዜዎቹ በሙሉ ልብሳቸው ገፉ። ትንሽ ሄደችና ቆመች። ዳንኤል ሊገፋ ወረደ። ቀጥላ ሰናይት "እኔንስ ተሸክማችሁ ነው የምትገፉት?" ብላ ቬሏን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወረደች። እጇንም ከእነሱ ጋር መኪናዋ ላይ አሳረፈች። በር ይዘው ሲከለክሉ የነበሩት ሴቶችም ተጨመሩ። ከመንገዱ ማዶ የሚስ ሩት ጎረቤቶች ሁለት ሰዎች መጥተው ገቡበት። ግርማ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ፣ ዘፈኑ ሳይቋረጥ፣ የወንድም የሴትም ወገን አንድ ላይ ሆኖ ገፋ።

መኪናዋ ቁልቁለቱን ያዘች። ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። አንዴ ዘለለች፣ አስነጠሰች፣ ተነሣች። ከደስታዬ ብዛት ክላክሱን ተጭኜ ያዝኩት።

ወደኋላ ሳይ ወንበሩ ባዶ ነው።

ላቆም? ቁልቁለት ላይ ቆሜ ሞተሩ ቢጠፋብኝስ? ነዳጁን እየሰጠሁ፣ ሪባኑ እየተውለበለበ፣ ያለ ሙሽራ እስከ ታች ወረድኩ። ደልዳላው ላይ የእጅ ፍሬን ይዤ፣ እግሬን ከነዳጁ ሳላነሣ በመስታወቱ አየኋቸው። ሰናይት ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ እየሮጠች ትወርዳለች። ዳንኤል ጫማዎቿን ይዞ ከጎኗ አለ። ከኋላቸው ሚዜዎቹ፣ ሴቶቹ፣ ሁሉም ይሮጣል። አንድ የከተማ አውቶቡስ ቆሞ አሳለፋቸው፣ ሹፌሩም ክላክስ አደረገላቸው።

ሙሽሮቹን ጭኜ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቄሱ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ነበሩ። ሙሽሪትን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ፀጉሯ ተበትኗል፣ ጉንጯ ቀልቷል። ካፖርታቸውን አውልቀው ወደ ውስጥ ተመለሱ። ተጋቡ።

እሷና ዳንኤል ዛሬም አብረው ናቸው። እኔ ራሴ ከአባቴ ቤት የወጣሁት አንገቴን ደፍቼ፣ ሁለት ሰው ደግፎኝ፣ እያለቀስኩ ነበር። ሙሽራ እንዲህ ነው የሚወጣው ተብዬ ያደግኩ ነኝ፣ ያገኘሁትም ትዳር ልቅሶው የሚገባው ነበር። ያን ቀን ግን በዚያች ትንሽ መስታወት አንዲት ሙሽራ ማንም ሳይጎትታት፣ ጥርሷ እስኪታይ እየሳቀች፣ በባዶ እግሯ ወደ ትዳሯ ስትሮጥ አየሁ። ይህን በዓይኔ በማየቴ ዛሬም ደስ ይለኛል።