እምቢ የምትል ማኪና

ጃቢር «እምቢ» የምትለዋን ቃል አያውቃትም ማለት አይደለም። ያውቃታል፤ እንዲያውም ሌላ ሰው ሲናገራት ሰምቶ ያደንቃል። ከእሱ አፍ ግን ወጥታ አታውቅም። ሰው ፊቱ ቆሞ «እባክህ» ካለው ምላሱ ሳታማክረው «ምን ችግር አለው» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ችግር ሁሉ የእሱ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ምንም የሌለው ቢሆን ብዙ አይጎዳም፤ ከሌለው ሰው ማን ምን ይለምናል? ጃቢር ግን ፒካፕ አለው። ጎንደር አራዳ ገበያ ውስጥ ከአያቱ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ እሱ የተላለፈች የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ አለችው፤ ለሱቋ ዕቃ ማመላለሻ ብሎ ነጭነቷ በዕድሜ የደበዘዘ የናፍታ ፒካፕ ገዛ። ያን ዕለት ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ያለው ሰፈር በሙሉ የማኪና ባለቤት ሆነ። ጎረቤቱ በሩ ላይ ተሰብስቦ መረቀው። ምርቃቱ ቀብድ መሆኑን ጃቢር የተረዳው ቆይቶ ነው።

የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት በእሷ ይሄዳል፣ በእሷ ይመለሳል። ምጥ የያዛት በእሷ ሆስፒታል ትደርሳለች፤ ሕፃኑ ክርስትና ሲነሣ ወይም አቂቃ ሲወጣለት በጉ የሚመጣውም በእሷ ነው። የዩኒቨርሲቲው መምህር ቤት ሲቀይር መጻሕፍቱን፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ሶፋውን፣ ገበያ የወጣች ሴት የሽንኩርት ጆንያዋን ይጭኑባታል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጃቢርን በማመስገን አንድ ነው። የናፍታ ሰልፍ ላይ አብሮት የሚቆም ግን አይገኝም።

ሚስቱ ጦይባ የሳንጃ ልጅ ናት። እናቷ እዚያው ሳንጃ ከወንድሟ ጋር ይኖራሉ፤ ዓይናቸው እየደከመ ሄዷል። ሐኪሙም የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሏቸዋል። ስልክ በደወሉ ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ፊትሽን አንድ ጊዜ ልየው።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሰሞን ጃቢር ለጦይባ ቅዳሜ እወስድሻለሁ አላት። ቅዳሜ ሲደርስ የእድሩ ድንኳን ተፈለገ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሽራ አጅቦ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የአንዲት ጎረቤት ፍሪጅ ተጭኖ ወደ እህቷ ቤት ሄደ፤ ፍሪጁ የሚሠራ እንኳ አልነበረም። ጦይባ ለጉዞ ያዘጋጀችውን ቦርሳ እየፈታች ልብሷን ወደ ቁም ሣጥኑ ትመልሳለች። አትጮኽም፣ አታኮርፍም። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ሲባል ለሰሚው የሚታየው ቤቱ ገብቶ የሚደነፋ ባል ነው፤ ጃቢር ግን ቤቱም ውስጥ አልጋ ነው። ቀጋው ብቅ የሚለው ጦይባ ቦርሳዋን ስትፈታ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ጃቢር ሱቅ የረሳሁት ዕቃ አለ ብሎ ይወጣል።

አንድ ቀን ከአዘዞ ሲመለስ ሐሳብ መጣለት። መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ለሚያልፈው ማኪና ሁሉ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ከጋቢናዋ ኋላ የጭስ ማውጫዋ ወደ ሰማይ የቆመ አንዲት ትልቅ የጭነት ማኪና እያገሣች ስትመጣ ግን እጃቸውን አውርደው አፍንጫቸውን ያዙ። ጃቢር ዳር ይዞ ቆመና አሰበ። ሰው የሚለምነው እሱን አይደለም፣ ማኪናዋን ነው። የእሱ ፒካፕ ፊቷ ገራም ነው፤ መብራቶቿ እንኳ እሺ የሚል ዓይን ይመስላሉ። እሷ አስፈሪ ብትሆን እሱ አፉን መክፈት አያስፈልገውም። በሐሳቡ በጣም ተደሰተ፤ ብልህ ሰው የሆነ መሰለው። ይህን እያሰላሰለ ሳለ የቆመላቸው የመሰላቸው ሦስት መንገደኞች ኋላ ላይ ወጥተው ተደላድለው ነበር፤ እነሱንም ፒያሳ አደረሳቸው።

በማግስቱ መናኸሪያው አጠገብ ብየዳ ቤት ወዳለው ወደ ሰውአገኝ ሄዶ እንደዚያች የጭነት ማኪና ወደ ሰማይ የቆመ የጭስ ቱቦ እንዲሠራለት ጠየቀው። ሰውአገኝ ማኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና እንዲህ ያለው ቱቦ ለዚች ጉልበት አይጨምርላትም፣ ከድምፅና ከጭስ በቀር የምታተርፈው የለም አለው። ጃቢር የሚፈልገው ድምፁንና ጭሱን መሆኑን ሲነግረው በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጥቂት ተመለከተው። ከዚያ ሥራ ሥራ ነው ብሎ ጀመረ። የጭስ ማውጫዋን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ቆርጦ ጣለና ቱቦውን በጭነቱ ቦታ ወለል አሳልፎ ከጋቢናው ጀርባ ወደ ላይ አቆመው። ጃቢር ያሰበው አንድ ቱቦ ነበር። ሰውአገኝ አንድ ብቻውን አያምርም፣ በግራም በቀኝም ይሁን አለ፤ ጃቢር ምን ችግር አለው አለ። ብርማ ቀለም እንቀባው ሲለው፣ ምን ችግር አለው። ዝናብ እንዳይገባበት ጫፉ ላይ ክዳን እናድርግበት ሲለው፣ ምን ችግር አለው። እምቢ እንድትል የታሰበችው ማኪና እንዲህ በእሺታ ብዛት ተሠርታ ወጣች።

ሰፈር ስትደርስ ውሾቹ ሁሉ በአንድ ላይ ተነሡባት። ጃቢር ሞተሯን አጥፍቶ ወረደና ጦይባን ጠርቶ ቱቦዎቹን አሳያት። ከእንግዲህ ይህችን ማኪና የሚለምን ሰው የለም፣ ለሚመጣውም ቱቦው ያቃጥላል ብዬ እመልስለታለሁ፣ ቅዳሜ ሳንጃ ነን አላት። ጦይባ ወደ ላይ ቀና ብላ ቱቦዎቹን፣ ዝቅ ብላ ባሏን አየች። እምቢ እንድትልልህ ለማኪና ውክልና ሰጠሃት ወይ ብላው ወደ ቤት ገባች።

መጀመሪያ የመጣችው ቁም ሣጥን ልታስጭን የፈለገችው ጎረቤታቸው እጅጋየሁ ናት። ጃቢር የተለማመደውን ቱቦው ያቃጥላል አላት። እጅጋየሁ እንዳልቃጠል አሰብክልኝ ብላ አመሰገነችው፤ ሄዳም ጆንያ በውኃ ነክራ መጣችና ቱቦዎቹን ጠቅልላ ቁም ሣጥኗን አስጫነች። ከዚያ ወዲያ እርጥብ ጆንያ ይዞ መምጣት የሰፈሩ ልማድ ሆነ።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። የፒካፗ አሮጌ ማርሚታ ቀዳዳ ስለነበረው ኋላ የሚሳፈር ሰው ጭስ ከሥር እየገባ ያፍነው ነበር። ሰዉ ሲታገሠው የኖረ እንጂ ሳያውቀው የቀረ አልነበረም። አሁን ጭሱ ከራሳቸው በላይ ይሄዳል። በእድሩ ስብሰባ ላይ አያ ይበልጣል፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። ከወገራ ገጠር መጥተው ጎንደር ካረጁ ቆይተዋል፤ አነጋገራቸው ግን አሁንም የወገራ ነው።

«ሸጋ ልጅ ማለት ይህ ነው» አሉ። «እኛ በጭስ ስንታፈን አንጀቱ አልችል ብሎ፣ ማንም ሳይነግረው ጭሱን ወደ ሰማይ ሰደደልን።»

ተጨበጨበለት። ጃቢርም ተነሥቶ እጅ ነሣ፤ ምን ይበል? በሚቀጥለው ሳምንት ሰው ጭኖ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ የወገራ ብርድ ሲጠና ኋላ የተሳፈሩት ጆንያውን ገለጥ አድርገው እጃቸውን ቱቦው ላይ ሲያሞቁ በመስታወቱ አየ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ቱቦው አስጠግታ ትመርቀዋለች። የማኪናዋ ድምፅም ሌላ ጉድ አመጣበት። ዱሮ ሹልክ ብሎ ቤቱ የሚገባበት ቀን ነበረው፤ አሁን ገና ከዳገቱ ሥር ሳለ ጃቢር መጣ ይባላል፤ ሞተር አጥፍቶ ሲወርድ በሩ ላይ የሚጠብቀው ሰው አለ። አልሸሹም ዞር አሉ የሚባለው እንዲህ ነው፤ እሱ ግን ለመዞሩም ገንዘብ ከፍሎበታል።

ሐሙስ ዕለት የጦይባ ወንድም ከሳንጃ ደወለ። እናታቸው አሁን የሚለዩት መስኮት አጠገብ ብርሃን ላይ የቆመ ሰውን ብቻ ነው አላት። ጃቢር የጦይባን ፊት አይቶ ደነገጠ። ቅዳሜ ሰማይ ቢደፋ እሄዳለሁ አላት፤ ከልቡም ነበር። ዓርብ ማታ ቱቦዎቹ እያገሡ ሲገባ አያ ይበልጣል ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። አምባ ጊዮርጊስ የነበረው የአጎታቸው ልጅ ከሞተ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ልቅሶ ሳይደርሱ የቆዩት የጃቢርን ማኪና ሲጠብቁ ነው። ነገ ማልደን ብንሄድ አሉት። ጃቢር አፉን ሲከፍት ሌላ ነገር ሊናገር መስሎት ነበር። «ምን ችግር አለው፣ አያ» ሆኖ ወጣ።

ጠዋት ጦይባ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ የማኪናዋ ኋላ ጥቁር በለበሱ ለቀስተኞች ሞልቷል። አምባ ጊዮርጊስና ሳንጃ መንገዳቸው ለየቅል መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጦይባ ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ ግን አልነበረም፤ ጃቢር ለማንም አልነገረማ። ጦይባ አንድ በአንድ ሰላም አለቻቸው፤ አያ ይበልጣልንም አላህ ያጽናዎት አለቻቸው። ከዚያ ወደ ባሏ ተጠጋች።

«እምቢ ማለት አያውቅም ይሉሃል» አለችው ቀስ ብላ። «ታውቅበታለህ። ለእኔ ስትለኝ ነው የኖርከው፤ ቃሏን አላወጣሃትም እንጂ።»

ይህን ብላ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ወረደች።

ጃቢር የማኪናዋን በር እንደያዘ ቀረ። ሁለቱ ቱቦዎች ከላዩ ጭሳቸውን ይተፋሉ፤ አንዲትም ቃል አይናገሩለትም። አያ ይበልጣል ከጋቢናው ሆነው ጦይባ ወዴት ነው ብለው ጠየቁት። ጃቢር መለሰ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«ሳንጃ፣ አያ። እናቷ ዓይናቸው ሊጠፋ ነው። እኔ ነበርኩ የምወስዳት። ዛሬ አምባ ጊዮርጊስ አልሄድም።»

የተናገረውን ተናግሮ ሲያበቃ ዓይኑን ጨፈነ ማለት ይቻላል። እርግማን ጠበቀ፤ ከእድር መውጣትን ጠበቀ። አያ ይበልጣል ግን ከዘራቸውን አስቀድመው ከጋቢናው ወረዱ።

«ምነው ልጄ ሳትነግረን?» አሉት። «የኛው ሟች እንደሁ አንዴ ተቀብሯል፣ የሚያስቸኩለው የለም። ሂድ፣ ድረስባት።»

ኋላ ያሉትም ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወረዱ። እጅጋየሁ ምን ዓይነት ባል ነህ ብላ ገሠጸችው፤ ሌሎቹ ሚኒባስ እንያዝ እየተባባሉ ሄዱ። ያስቀየመው ሰው አልነበረም። ጃቢር ጋቢናው ገብቶ ማኪናዋን ቁልቁል ነዳት።

መናኸሪያ ሲደርስ የሳንጃው አውቶቡስ ወጥቷል። ትክል ድንጋይ የምትባለው ከተማ ላይ ደረሰበት፤ ተሳፋሪው ለቁርስ ወርዶ ነበር። ጦይባ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የማኪናዋን ድምፅ ከሩቅ ስለሰማች ቀና አላለችም። ጃቢር ፊቷ ቆሞ ነይ፣ በማኪናችን እንሂድ አላት።

«ኋላዋ ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

«ሰዎቹስ?»

«እምቢ አልኳቸው።»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ምን አሉህ?»

ጃቢር ሊዋሽ ቃጣው። ተቆጡኝ፣ ረገሙኝ፣ ከእድሩ ሊያስወጡኝ ነው ቢላት ምንኛ በቀለለው። «ምንም አላሉኝ» አላት በመጨረሻ። «ምነው ሳትነግረን ብለው ወረዱ።»

«ይህን ሁሉ ቅዳሜ እኔን ያስቀረኸኝ ይህችን ቃል ፈርተህ ነው?» አለችው።

ጃቢር እንዲህ ያፈረበትን ቀን አያስታውስም። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ሲነፋ ጦይባ ተነሣች፤ ጃቢር ቦርሳዋን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ።

«እምቢ» አለችው።

ሳትቆጣ፣ ፊቱን እያየች ነው ያለችው። ሄዳም አውቶቡሱ ላይ ወጣች።

ያን ዕለት ቀትር ላይ እናቷ የጦይባን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት። ለዚህ የጃቢር ማኪናም ሁለቱ ቱቦዎችም አላስፈለጉም። እሱ ግን እስከ ሳንጃ ድረስ አውቶቡሱን እየተከተለ ሄደ። ቆላው ውስጥ መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ባዶዋን ማኪና እያዩ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ጃቢር መሪውን ጨብጦ ለያንዳንዳቸው ራሱን እየነቀነቀ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ያልፋቸዋል። ባለፋቸው ቁጥርም ያልበዋል።

አውቶቡሱ ውስጥ የተባለውን በኋላ ነው የሰማው። ያ እያገሣ የሚከተለን ማን ነው ብለው ተሳፋሪዎቹ ሲነጋገሩ ጦይባ ባሌ ነው አለቻቸው። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ እየለመነው ምነው ባዶውን ይሄዳል ቢሏት ዞር ብላ በኋላ መስኮት አየችና፣ ማኪናዋን እምቢ ማለት እያስለመዳት ነው አለች።