ጭብጨባው ያልተሰማት ሳሌም

ሳሌም ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ ቀጨኔ ሄዳ፣ ጋሽ ኡርጌሳ ፑል ቤት ትለማመዳለች። መጫወት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ከመምታትሽ በፊት በረጅሙ ተንፍሺ። ኳሷ ስትገባ መጀመሪያ በሐሳብሽ እያት። የቤቱን ጫጫታ እርሺው» ይሏታል።

አንድ ዓይነት ምት ብቻ እየደጋገመች ወራት ቆየች። ቀስ በቀስ ለመምታት ጎንበስ ስትል ሙዚቃውም የሰዉም ወሬ ይጠፋላት ጀመር፤ ቀና ስትል ይመለሳል። ወደደችው።

ባለፈው ክረምት ከሰፈሩ ጎበዝ ተጫዋች ከዮፍታሔ ጋር ገጠመች። የመጨረሻዋን ጥቁር ኳስ አስገብታ አሸነፈችውና ቀና አለች። ሰዉ ሁሉ ያጨበጭባል፣ አፉን ከፍቶ ይጮኻል፤ ድምፅ ግን የለም። የሚሰማት የኳሶች ግጭት ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ነጭ ኳስ በመዳፏ ያዘቻት። ኳሷ አልተንቀሳቀሰችም፤ ግጭቱ ግን አላቆመም።

እየጮኸች መሆኗን ያወቀችው ጉሮሮዋን ሲያማት ነው። ጋሽ ኡርጌሳ ትከሻዋን ይዘው እየነቀነቁ ስሟን ሲጠሩ፣ ድምፃቸው ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ቀስ እያለ ደረሳት።

«ኳሶቹን ሰማሽ?» አሏት በሹክሹክታ።

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«እኔስ መጫወት የተውኩት ለምን ይመስልሻል?»

ሳሌም አልተወችም። አሁን ግን ስትለማመድ ጓደኛዋን ሃናን አጠገቧ ታቆምና፣ «ዝም እንዳትዪ፤ ያገኘሽውን አውሪ» ትላታለች። በዚህ ምክንያት ብዙ ኳስ ትስታለች፤ ዮፍታሔም ደጋግሞ ያሸንፋታል። ሃና ትንፋሽ ለመሳብ ዝም ያለች እንደሆነ፣ የሳሌም እጅ ባለበት ይቆማል።