መጨረሻ የሚጠጣው ማሳ

ዛሬ መካነ ሰላም ገበያ፣ አፈሩ ያልተራገፈ እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝና የእነ ዘይነባ ማሳ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ የውሃ አባት ነበር፤ የምንጩን ውሃ በቦይ ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ተራው ግን ከጎረቤቶቻችን ከእነ ዘይነባ ይጀምርና በእኛ ያልቃል። የእነሱ ሽንኩርት አረንጓዴ ሆኖ ሲወዛ የእኛው ጫፉ ቢጫ ይሆናል። ቅናት አንገበገበኝ።

«አባዬ፣ ውሃው በእጅህ ሆኖ እኛ ለምን መጨረሻ?»

የቦዩን አፍ በጭቃ እየደፈነ፣ «የውሃ አባት ማሳ ቀድሞ ከጠጣ፣ ቦይ ጥረጋ ማን ይወጣልኛል?» አለኝ።

አልተዋጠልኝም።

ሽታውን ተከትዬ ብሄድ ሻጯ ራሷ ዘይነባ ናት። አሁን የውሃ አባቱ ባሏ ነው። የቀጨጨ ሽንኩርቷን እያሳየችኝ፣ «ምን ላርግ እህቴ፣ የእኛ ማሳ መጨረሻ ነው የሚጠጣው» አለች፣ ኮራ ብላ።

ያንን ቃል ከቤታችን የወሰደችብኝ መሰለኝ። ዛሬም ቀናሁባት።