ዓይናዲስ የዞረቻቸው ቤቶች

ዓይናዲስ ሉማሜ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አላገባችም፤ አልወለደችም። አምና በሐምሌ ጭቃ አዳልጧት ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረና እስከ ኅዳር ከቤት ሳትወጣ ከረመች። ፍልሰታም መስቀልም ያለፉት እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ እያዳመጠች ነው። ምግብ ከምታቀብላት ጎረቤቷ በቀር በሯን ያንኳኳ አልነበረም። ድና በከዘራ ቤተ ክርስቲያን በሄደች ዕለት አንዷ ምእመን፣ አዲስ አበባ ከርመሽ መጣሽ ወይ አለቻት። ዓይናዲስም ከማስረዳት ይልቅ አዎ ማለቱ ቀለላት።

በጥር ወር ሰበካ ጉባኤው የአምስት ዓመት ዕቅድ እንዲያቀርብ ከበላይ ታዘዘ። ጽሕፈት ታውቃለች ተብሎ ሥራው ለእሷ ተሰጠ። ምክትል ሰብሳቢው አቶ ምናለ ባለሱቅ ነው፤ አዲስ በር ይሠራል፣ አዳራሹ ይሰፋል፣ የምእመናን ቁጥር በየዓመቱ ሃያ በመቶ ያድጋል ብለሽ ጻፊ አላት። አሁን ስንት እንደሆንን ሳናውቅ እንዴት ብላ ጠየቀች። መዝገቡ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ይላል፤ እሱን ገልብጪው አላት። ነገሩ ግን አልዋጥላት አለ። መዝገቡን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ከዘራዋን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች።

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ብዙው ሰው መዋጮ ልትጠይቅ የመጣች እየመሰለው ደጅ ላይ አቁሞ ያነጋግራታል። አንዳንዱ ቤት ተቆልፏል፤ ሌላው ውስጥ ስማቸው መዝገቡ ላይ የሌለ ሰዎች ገብተውበታል። ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባሕር ዛፉ ጥግ፣ አንዲት አሮጊት ፀሐይ ሲሞቁ አገኘች። እማማ የኔዓለም ነበሩ። መዝገቡ ላይ ከስማቸው ትይዩ "ዐርፈዋል" ተብሎ ተጽፏል። ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሚመራቸው ስላጡ ነው ከቤተ ክርስቲያን የቀሩት።

"ማን ልኮሽ ነው?" አሏት።

"ቤተ ክርስቲያን።"

"እኔን ፍለጋ?" አሉና እጇን ዳብሰው ያዙ። ቶሎም አልለቀቁትም።

ዕቅዱ ሊጸድቅ በተሰበሰቡበት ቀን ዓይናዲስ ከበሩም ከአዳራሹም አስቀድማ፣ በየቤታቸው ሊጠየቁ የሚገባቸውን በሽተኞች፣ አቅመ ደካሞችና ብቸኞች ዝርዝር አነበበች። አቶ ምናለ ነገሩ መልካም መሆኑን፣ ዕቅድ ግን እንደማይባል ተናገረ። ዓይናዲስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"እኔ አራት ወር ሙሉ ቀርቻለሁ" አለች። "የት ጠፋሽ ያለኝ የለም።"

ሰብሳቢው ቄስ አካለ ወልድ የንስሐ አባቷ ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ "መምጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ልጄ" አሉ።

ሐሳቧ ጸደቀ፤ ዕቅዱ ውስጥ የገባው ግን ከሁሉ መጨረሻ ነው። ቄስ አካለ ወልድ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ መጥተው ቤቷን ጸበል ረጩላት፤ ጥቂት ተቀምጠውም ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀብር ነበረባቸው፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ አልተመለሱም። እሷም አልተቀየመቻቸውም።

አሁን እሑድ እሑድ ገና ሳይነጋጋ እማማ የኔዓለምን ክንዳቸውን ይዛ ታስቀድሳቸዋለች። ስትመልሳቸው፣ ትንሽ ቁጭ በይ ይሏታል። ትቀመጣለች፤ ብዙም አያወሩም። ሰፈሩ ምሳውን በልቶ ጭር ሲል ተነሥታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ነጠላዋን አጥፋ ታስቀምጣለች። ከዚያ በኋላ እስከ ገበያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ የምታወራው ሰው የለም።