ከሰሙ ሥር የነበሩ ስሞች

ሥዕሉን ከእኔ በፊት አወጡት። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ከበሩ ሲያስወጡት «ገና አልደረቀም፤ በጠርዙ ያዙት» አልኳቸው። አፌ ለምዶት ነው። አንደኛው እጁን ወዲያው አስተካከለ። ቀጥሎ መጥተው እኔን ክንዴን ያዙኝ።

ከሓድነት ሰፈር ተነስተን በሮማናት አደባባይ ስናልፍ ረፋድ ነበር። የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፤ ካፌው በረንዳ ላይ የማውቀው ሰው ጋዜጣ ያነባል። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ባለማየቱም ደስ አለኝ።

ያስገቡኝ የሴት እስረኞች ክፍል ግድግዳ እስከ ደረት አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ነበር። ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ሰው ጀርባውን ያስደገፈበት ሁሉ ወዝቷል። በረኪና ይሸታል። አምስት ሴቶች ነበሩ። በዕድሜ የሚበልጡት የወሎ ሰው ናቸው፤ መቀሌ ሰልባጅ ልብስ ሲሸጡ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ቤታቸው የተከራየ ተማሪ ተፈልጎ ስለጠፋ፣ እሱ እስኪገኝ እሳቸውን አስቀምጠዋቸዋል። እትዬ እንላቸው ነበር። ከፍራሻቸው ግማሹን ለቀቁልኝና «አብሽሪ» አሉኝ። «እዚህ ያለቀሰም ይወጣል፣ ያላለቀሰም ይወጣል።»

የታሰርኩበትን ምክንያት እኔ አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምራለሁ። በዚያ ዓመት ሁለት ባልደረቦቻችን ታስረው ስለነበር፣ እንዲፈቱ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፍን። ከእኔ ሌላ ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም የልጆች እናትና አባት ናቸው። ደብዳቤው ያለ ስም እንዲሄድ ተስማማን። የጻፍነው እኔ ቤት ነው። ሲያልቅ፣ ከሁላችን የሚበልጡት የታሪክ መምህር በነጭ የተቀባውን ባዶ ጣውላዬን አዩና «ስማችን የሆነ ቦታ ይኑር እንጂ» አሉ። ሰማያዊ ቀለም በጥብጬ ብሩሽ ሰጠኋቸው። ስድስቱም ተራ በተራ ስማቸውን ጻፉ። እኔ ከላዩ ደረብኩበት።

የምሠራበት መንገድ ለመደበቅ ይመቻል። ከጠጅ ቤት ሰፈፍ እገዛለሁ፤ አቅልጬ አጣራና ሰሙን በቀለም ማቅጠኛ አለዝበዋለሁ። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይሆናል። ከዘይት ቀለም ጋር ለውሼ ስፓቱላ በምንለው ስስ ብረት ጣውላው ላይ እደርባለሁ፤ ደርቤ እፍቃለሁ፤ እንደገና እደርባለሁ። ሥዕሎቼ ላይ ሰው የለም፣ ቤት የለም፣ ዛፍ የለም። ቀለም ብቻ ነው።

መርማሪው አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ድምፁን አያነሳም። የተነጋገርነው በትግርኛ ነበር። ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎለት ተጋድሟል።

«መምህር፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ምንም አይደለም። ቀለም ነው።»

«ሰው ምንም ላልሆነ ነገር ሦስት ወር ይለፋል?»

የሥዕሉን አንድ ጥግ አሳየኝ። ሰው በቢላ ፍቆት ጣውላው ድረስ ዘልቋል፤ እንጨቱ ተሰነጣጥቋል። ሥሩ ስም እንዳለ ያውቃል። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም፤ ማወቅም አልፈልግም።

«የኛ ልጆች ያበላሹታል» አለ። «የደረብሽው አንቺ ነሽ፤ ነገ አንቺው ታነሺዋለሽ። ስሞቹ ከወጡ ማታውን ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። እትዬ ሁለቱንም እጆቼን በእጃቸው ይዘው ምን እንዳሉኝ ጠየቁኝ። ስም ሳልጠራ ነገርኳቸው።

«ሰሙ በምንድን ነው የሚለቀው?» አሉኝ።

«በቢላ። ወይ በላምባ።»

«በላምባ ሲሆን ሥር ያለው ምን ይሆናል?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዕድሜያቸውን ከልብስ ላይ እድፍ ሲያስለቅቁ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ገብቷቸዋል። እኔም ሲያመጡኝ መኪና ውስጥ ሳለሁ አስቤው ነበር፤ የፈራሁት መጠየቁን ነው። ላምባ ስጡኝ ስል መርማሪው የልቤን የሚያነብብኝ ይመስለኝ ነበር።

«እኔ ስጠይቅ አፍሬ አላውቅም» አሉ እትዬ። «ወላሂ፣ የሚያስጠረጥረው ማፈሩ ነው። እንደ ባለሙያ ጠይቂው። ሙያሽ አይደል?»

በማግስቱ ጠዋት ስፓቱላ ሰጡኝ። መርማሪው ወንበሩን ስቦ ከጎኔ ተቀመጠ፤ አንድ ወታደር በሩ ላይ ቆመ። ላይኛው የመቀሌ ድንጋይ የመሰለ አመድማ ነጭ ነበር። በቀስታ ፋቅሁት። ሥሩ ቀዩ ወጣ፤ በቦታ በቦታ እያየሁ እሱንም አነሳሁ። ሰሙ እየተጠቀለለ ጋዜጣው ላይ ይወድቃል። ወታደሩ ቀስ በቀስ ከበሩ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ፤ ማንም አልመለሰውም።

አንድ ቦታ ላይ ቀዩ ስስ ሆኖ ከሥሩ ቢጫው ሲታይ መርማሪው እጁን ዘረጋ።

«ይቺን ቦታ ተዪያት» አለ።

«ለምን?»

«እንዲሁ። ሥሯ ምንም የለም።»

ተውኩለት። ከዚያ ቢጫው ላይ ደረስን። ከቢጫው በታች ሰማያዊው ነው። ስፓቱላውን አስቀመጥኩ።

«ይሄኛው ሦስት ወር አልፎታል፣ ጠጥሯል» አልኩ። «በብረት ከነካሁት ጥጉ ላይ እንደሆነው ይሆናል። ላምባና ጨርቅ ያስፈልገኛል።»

ድምፄ ክፍል ውስጥ ሳስተምር የሚወጣው ድምፅ ነበር። ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ወታደሩን «አምጣላት» አለው።

ላምባው በውሃ ጠርሙስ መጣ። ጨርቁን አራስኩና ቢጫው ላይ አሳረፍኩት። ሲለሰልስ ጠረግሁ። መጀመሪያ አንድ ፊደል ብቅ አለ፤ የታሪክ መምህሩ ስም መነሻ ነበር። መርማሪው አንገቱን አስግጎ ወደ ሥዕሉ አጎነበሰ። ትንፋሹ እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር። ጨርቁን እንደገና አርሼ ፊደሉ ላይ ጫንኩት፤ ሳነሳው ፊደል የለም። ከዚያ አላቆምኩም። ሰማያዊው ከሰሙ ጋር እየቀለጠ በነጩ ላይ ፈሰሰ፤ ስድስቱም ሰዎች አንድ ላይ ሄዱ።

መርማሪው ጨርቁን ከእጄ ወስዶ ገልብጦ አየው።

«እዚህ ጽሑፍ ነበረ» አለ።

«ሰማያዊ ነበረ» አልኩት።

በጥፊ የሚለኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ግንባሩን በእጁ ደግፎ ሥዕሉን እያየ ነበር። የተናደደ ሰው ፊት አልነበረም፤ የደከመው ሰው ፊት ነው። ወታደሩን ወደ ክፍሌ እንዲመልሰኝ አዘዘው።

ተነሳሁ። ስፓቱላው አጠገቤ ነበርና አንስቼ፣ ሰሙ ገና ለስላሳ ሳለ፣ በታችኛው ጥግ ላይ የራሴን ስም እስከ አያቴ ጫርኩበት። ማንም አላስቆመኝም።

«ስም ይፈልጉ አልነበር?» አልኩት። «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ክፍሉ ስገባ ልብሴ ላምባ ይሸት ነበር። እትዬ አሸተቱኝና ምንም ሳይጠይቁ ውሃ ቀድተው እጄን አስታጠቡኝ። ሌሎቹ ሴቶች ምን እንደተፈጠረ አያውቁም፤ ግን አንደኛዋ ዳቦዋን ቆርሳ አካፈለችኝ። ያን ቀን እንደበላሁት ዳቦ ጣፍጦኝ የበላሁት ነገር ትዝ አይለኝም።

ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ቆየሁ። እትዬ ከእኔ ቀድመው ወጡ፤ ሲወጡ ፍራሹን ሙሉውን ተረከብኩ። እኔ ስፈታ ሥራዬን አልመለሱልኝም፤ ሥዕሉንም አልሰጡኝም። ከስድስቱ አንድም ሰው አልተጠራም። የታሰሩት ሁለቱ ባልደረቦቻችን በቀጣዩ ዓመት ተፈቱ፤ ደብዳቤው ረድቷቸው ይሁን አይሁን አላውቅም።

ዛሬ በመቀሌ ዓዲ ሓቂ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል አስተምራለሁ። ደፋር ነበርሽ የሚለኝ ሰው ካለ አላምነውም፤ ያን ቀን ሙሉ ፈርቻለሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ የሚታወሰኝ ግን ሰማያዊው ሲቀልጥ የወጣው መልክ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቀለም ስደርብና ስፍቅ እንደዚያ ያለ ቀለም አግኝቼ አላውቅም ነበር። ከወጣሁ በኋላ ብዙ ጣውላ አበላሽቼ፣ ሰሙ ምን ያህል ሲደርቅ ላምባው መንካት እንዳለበት ደረስኩበት። አሁን ግማሹ ሥራዬ በዚያ መንገድ የሚሠራ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «ቲቸር፣ ይሄን የት ተማሩት?» አለችኝ። «በሥራ ላይ» አልኳት፤ ለሁሉም የምለው ነው። ሌሎቹ ወጥተው ሲያልቁ ግን ብሩሾቹን ልታጥብልኝ ወደኋላ ቀረች። ወንበር ሳብኩላት። ሥዕሉን ከእኔ በፊት አወጡት፣ ብዬ ጀመርኩላት።